የጃርት ልጅ ጎመን ጠላ

ተረት ተረት! አፉ ባዶ የሆነ «የላም በረት» ይበለኝ፤ እያኘከ ያለ ግን መጀመሪያ ይዋጥ፣ እኔ አልቸኩልም።

ድሮ ድሮ፣ ከአንድ ወንዝ ማዶ ባለ ጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ ዘርትሁን የምትባል ጃርትና ጎበዜ የሚባል ባሏ ይኖሩ ነበር። ብዙ ዘመን ልጅ አጥተው፣ ተስለውና ለምነው፣ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ስሙን ወስፌ አሉት። ሲያድግ እሾሁ እንደ ወስፌ የጠላቱን አፍንጫ እንዲበሳለት ተመኝተው ነው። ለጊዜው ግን የጀርባው እሾህ እርጥብ ሣር ይመስል ነበር። የጃርት ልጅ ሁሉ ሲወለድ እንዲሁ ነው፤ እሾሁ የሚጠነክረው ሥሩንም ቅጠሉንም መብላት ሲጀምር ነው።

ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል መጣ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው እመት ጥርኝ ነበረች። እመት ጥርኝ ባለጸጋ ናት። የዝባዷ ሽታ ከእሷ ቀድሞ ይገባል፣ እሷ ከወጣች በኋላም ሳይወጣ ይከርማል።

«አንደበቱ እንዲጣፍጥ» አለችና ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ ሕፃኑን አላሰችው።

ወስፌ ዓይኑን በለጠጠ። ምላሱን አውጥቶ ከንፈሩን ዙሪያውን ላሰ፣ እንደገናም ላሰ።

«አያችሁት? ገና ከአሁኑ አወቀኝ!» ብላ ተደሰተች እመት ጥርኝ። ያወቀው እንኳ ማሩን ነበር።

ጊዜው ነጎደ። የእናቱ ጡት ብቻውን የማያጠግብበት ቀን ደረሰ። ዘርትሁን በማለዳ ተነሥታ ከጫካው ጫፍ ለጋ ጎመን ቀጥፋ መጣች፤ በጥርሷ አላመችና ለልጇ አጎረሰችው። ወስፌ ግንባሩን ቋጠረ፣ አፍንጫውን ጨመደደ፣ አንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያም ጎመኑን በምላሱ ገፍቶ አገጩ ላይ አወጣው።

«ወይኔ! ጠላው!» ብላ ጮኸች እናቱ።

አንዴ ፊቱን ስላጨማደደ ጠላው ተባለ። ጠላን ራሱን እንኳ መጀመሪያ ሲቀምስ ፊቱን ያላጨማደደ የለም፤ በኋላ ግን እንስራው ሳይደርቅ የሚነሣ የለም። ይህን ለዘርትሁን የነገራት አልነበረም። የአንድ ልጅ እናት ደግሞ ልጇ ሲያስነጥስም ለቅሶ ይቃጣታል።

ወደ እመት ጥርኝ ሮጠች። «እትዬ፣ ልጄ ጎመን ጠላብኝ!»

«ምን ችግር አለው? ማር ቀቢለት፣ ሳያውቅ ይበላዋል።»

ዘርትሁን ጎመኑን ማር ቀብታ ሰጠችው። ወስፌ ተቀበለ፤ ቅጠሉን አገላብጦ ላሰ፣ ከዳር እስከ ዳር ላሰ፣ ከዚያም ታጥቦ የተሰጣ እስኪመስል አጽድቶ ለእናቱ መለሰላት። በማግስቱም እንዲሁ አደረገ። ያው አንድ ቅጠል ሳይሸራረፍ ሰነበተ፤ ማሩ ግን ከገንቦው አለቀ።

ነገሩ በጫካው ተሰማ። ቀጥላ የመጣችው ጦጣ ናት። ጦጣ በሰው ቤት ጉዳይ ውስጥ ሳትጠራ የምትገባ፣ ከገባችም የማትወጣ ዓይነት ናት።

«አንቺ ሞኝ» አለቻት ዘርትሁንን። «ልጅ የሚበላው ሲዘናጋ ነው። እኔ እጨፍራለሁ፣ እሱ ተደንቆ አፉን ሲከፍት አንቺ ጎርሶ እንዲገኝ አድርጊው!»

ጦጣ ጅራቷን ጠምጥማ እስክስታ ወረደች፣ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለች፣ በጭንቅላቷ ቆመች። ወስፌ ገርሞት አፉን ከፈተ። ዘርትሁን ፈጠን ብላ ዱባ ወተፈችበት። ልጁ ሳያስበው ዋጠ። እልል ተባለ! ጎረቤት ተቃቀፈ።

በማግስቱ ወስፌ ጦጣ ካልጨፈረች አፉን አልከፍት አለ። በሦስተኛው ከጦጣ ጋር ጉሬዛም ይጨመርልኝ የሚል መሰለ። እየዋለ እያደረ የምሳ ሰዓት የሠርግ ቤት ሆነ። አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዱ እንደ በግ ይጮሃል። ወስፌ መሐል ተቀምጦ እንደ ባላባት ያያል። በመጨረሻ ምን ተማረ? አፉን ዘግቶ መሳቅ ተማረ።

አባትየው ጎበዜ ይህን ሁሉ ጥግ ይዞ ይመለከት ነበር። ጎበዜ ሸንኮራ አገዳ ይወዳል። ከዋለበት ሲመለስ አገዳ በብብቱ ሳይዝ ገብቶ አያውቅም። አገዳውን እየመጠጠ፣ ጭማቂው በአገጩ እየተንጠባጠበ ልጁን ይመክራል።

«ብላ፣ የኔ አንበሳ! ጎመን ጉልበት ነው። ወንድ ልጅ ጎመን ካልበላ ምን ዋጋ አለው?»

ወስፌ ጆሮውን ለአባቱ ቃል ሰጥቶ፣ ዓይኑን በአባቱ አፍ ላይ ይተክላል። ከዚያም እጁን ወደ አገዳው ይዘረጋል።

እንዲህ ሲሆን የሌሎቹ ጃርቶች ልጆች እሾህ ጠጠረ። ሲሮጡ እንደ ደረቅ ቄጠማ ይንሿሿሉ። የወስፌ እሾህ ግን ነፋስ ሲነፍስ ነፋሱ ወደ ወሰደው ይተኛል። ዘርትሁን ጀርባውን በዳበሰችው ቁጥር መዳፏን የሚወጋት ነገር አጥታ ታዝናለች። እጇን የሚወጋት ልጅ ናፈቃት።

ይህ ወሬ ጅብ ዘንድ ደረሰ።

አያ ጅቦ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የማር እንጀራ በቅጠል ጠቅልሎ፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ ልሶ፣ ጎንበስ ጎንበስ እያለ መጣ።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ? የልጁን ችግር ሰምቼ ሆዴ ባባ።»

«ይግቡ፣ ይግቡ አያ ጅቦ» አለ ጎበዜ። ትልቅ ሰው ቤቱን ስለረገጠለት ደረቱ ተነፋ።

ዘርትሁን ግን ልጇን ወደ ጉያዋ ሳብ አደረገች። «ምን ልታዘዝ?» አለች ቀዝቀዝ ብላ።

«ምንም። ለሕፃኑ ትንሽ ማር ይዤ ነው። ምነው ልጁን በቅጠል ታስጨንቁታላችሁ? ልጅ አይደል? ደስ ያለውን ይላስ። አትቸኩሉ፣ ጊዜው ሲደርስ ይበላል።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል አያ ጅቦ አላልቶ ይበላት አጥብቆ፣ ምራቁ አፉን ሞልቶት ስለነበር አጥርቶ የሰማ የለም። ጎበዜ አላልቶ ሰማት። ዘርትሁን አጥብቃ ሰማቻት።

ጅብ በየጊዜው ማር ይዞ ይመላለስ ጀመር። በመጣ ቁጥር ወስፌን በጣቱ ጀርባው ላይ ጫን ያደርገዋል። «እሰይ፣ ለስላሳ ነው! እንዲሁ ያቆይልን» ይላል።

«ይህ ጅብ ልጄን እየወደደው አይደለም፣ እየቀመሰው ነው» አለች ዘርትሁን ለባሏ።

ጎበዜም በመጨረሻ ነገሩ ገባውና ፈራ። የፈራ አባት የሚያደርገውን አደረገ፤ ጉዳዩን ወደ ትልልቆቹ ወሰደው።

አንበሳ ከሾላው ሥር ጉባኤ ጠራ። ነብር መጣ፣ ቀበሮ መጣ፣ ከርከሮ መጣ፣ ዝሆንም ግልገሉን አስከትሎ መጣ። ጎበዜ ቆሞ ብሶቱን ተናገረ። አንበሳ ጎፈሩን አራግፎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጉዳዩ ከባድ ነው። እኔ በበኩሌ ቅጠል በአፌ ዞሮ አያውቅም። ነገር ግን ለሌላው ጠቃሚ መሆኑን በጽኑ አምናለሁ።»

«ቁጣ ነው መድኃኒቱ» አለ ነብር። «እኛ በልጅነታችን እንዲህ ዓይነት ጥጋብ መች እናውቅ ነበር? የተሰጠንን ነበር የምንበላው።» ነብር በልጅነቱ የተሰጠው ሚዳቋ ነበር።

ከርከሮ «ጥናት ይደረግ» አለ። ቀበሮ «ጥናቱን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም፣ ለኮሚቴውም ሰብሳቢ ያስፈልጋል» ብሎ ራሱን ጠቆመ። ዝሆን ብቻ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ጉባኤው ተጀምሮ እስኪያልቅ ቅጠል እያኘከ ነበርና አፉ ሞልቶ ነበር። ግልገሉም ከእግሩ ሥር ቆሞ፣ ከአባቱ አፍ የሚወድቀውን እየለቀመ ያኝካል። ስለ ልጅና ስለ ቅጠል ያን ሁሉ ሲከራከሩ ወደዚያ ዞር ብሎ ያየ አንድም አልነበረም።

በመጨረሻ ቀበሮ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ውሳኔውን አወጀ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጫካ ያለ ሕፃን ሁሉ ጎመንን በገዛ ፈቃዱና በደስታ እንዲወድ ታዟል!»

ተጨበጨበ። ለጉባኤተኛው ማርና ሸንኮራ ቀረበ። ጎበዜም ድርሻውን በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

«ልጄ፣ ስማ» አለ ወስፌን ፊቱ አቁሞ። «ጎመን እንድትወድ ታዟል።»

ወስፌ አዋጁን ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ሲያልቅ ከአባቱ ብብት ሸንኮራውን ስቦ ወሰደ።

ያን ጊዜ ጎበዜ ተናደደ። «ትእዛዝ ትእዛዝ ነው! ዘርትሁን፣ ጎመኑን አምጪ!» ብሎ የልጁን ጭንቅላት ያዘ። ዘርትሁን ጅቡን አሰበች፣ ልቧን አደነደነችና ጎመኑን በልጇ አፍ ውስጥ ጠቀጠቀች። ወስፌ ተናነቀ። ዓይኑ እንባ ሞላ። የበላውንም ያልበላውንም አስታወከው።

«በቃ፣ ልቀቀው!» አለች።

ልትጠርገው እጇን ስትዘረጋ ወስፌ እጇን አየና ተንፏቆ ጥግ ገባ፣ ፊቱንም አፈር ውስጥ ቀበረ። እንዲህ ያደረገው ጅብን አይቶ አይደለም፤ የእናቱን እጅ አይቶ ነው።

ዘርትሁን ከጉድጓዱ ወጥታ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ ይወርዳል።

«ከእንግዲህ አላበላውም» አለች። «ጅብ ቢበላው እንኳ እናቱን ፈርቶ አይሞትም።»



አልቅሳ ስትጨርስ ሆዷ ጮኸ። ዘርትሁን ደነገጠች። ልጇን ላብላ ስትል፣ እሷ ራሷ ቁጭ ብላ የበላችበትን ቀን ማስታወስ አቃታት። ያን ሰሞን ሁሉ ምግቧ ወስፌ የተፋው ነበር፤ እሱንም ቆማ ነው የምትበላው። ተነሣችና ያላትን ሁሉ ሰበሰበች። ጎመን፣ ካሮት፣ ገና አፈሩ ያልደረቀ ነጭ ሽንኩርት። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ጀርባዋን ለጉድጓዱ ሰጥታ ተመቻችታ ተቀመጠችና መብላት ጀመረች።

ብልሃት አልነበረም። ርቧት ነው። ካሮቱን ስትገምጠው ቋ! አለ። ጎመኑን ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ጠቅልላ ስታኝክ ዓይኗ በራሱ ተከደነ። «እምምም» አለች ሳታውቀው።

ውስጥ ያለው ወስፌ ጆሮውን አቆመ። ነገሩ ግራ ገባው። የምትጨፍር ጦጣ የለች፣ የሚያጨበጭብ የለ፣ «በሞቴ» የሚል የለ። የመብል ሰዓት ሆኖ እሱን የሚያይ ጠፋ! ተንፏቆ ወጣና በእናቱ ጎን ቆመ። እናቱ አላየችውም። ዞሮ ፊት ለፊቷ ቆመ። አፏን አየ፤ አፏ ይንቀሳቀሳል።

«እ?» አለ።

«ካሮት ነው» አለች አፏ ሞልቶ። «የእኔ ነው።»

ጃርት በደሙ የሰው ጓሮ ዘራፊ ነው። «የእኔ ነው» የተባለ ነገር አይቶ የሚያልፍ ጃርት እስካሁን አልተወለደም። ወስፌ እጁን ሰድዶ ከእናቱ ከንፈር ላይ አንዱን ቁራጭ ነጠቀና ወደ አፉ ጨመረ። ግንባሩን ቋጠረ፣ አፍንጫውን ጨመደደ፣ ተፋው።

ዘርትሁን «ወይኔ» ልትል አሰበችና ተወችው። ደክሟት ነበር። የተፋውን አነሣችና በላችው፤ መብላቷንም ቀጠለች።

ወስፌ ይህን አይቶ ጠበቀ። ቁጣ ጠበቀ፣ ልመና ጠበቀ። ሁለቱም ሲቀሩ ሌላ ቁራጭ ነጠቀ። ይህኛው አፉ ውስጥ ጥቂት ቆየ። እሱንም ተፋው። ሦስተኛውን ግን የት እንዳደረሰው አልታየም።

እንዲህ ሆነ የእነሱ ማዕድ። ዘርትሁን በየቀኑ ቁጭ ብላ ትበላለች፤ ወስፌ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያሻው ይቀምሳል፣ ሲያሻው ጎመኑን ጭንቅላቱ ላይ ይደፋል። አንድ ቀን የወደደውን ቀይ ሥር በማግስቱ እንደማያውቀው ገፋ። ዘርትሁን አልተከፋችም። ምላስ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፤ ከአማቶቹ ጋር እስኪላመድ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል።

የቀረው ጎበዜ ነበር። አንድ ምሽት እንደ ልማዱ አገዳ በብብቱ ይዞ ሲገባ ወስፌ ከማዕዱ ተነሥቶ ወደ እሱ ሮጠ።

ዘርትሁን ባሏን ቀና ብላ አየችው። «ወይ አገዳህን ውጭ ጨርሰህ ግባ፣ ወይ ከእኛ ጋር ቁጭ ብለህ ብላ።»

«እኔ እንኳ… በልቼ ነው የመጣሁት» አለ ጎበዜ።

«ምን?»

ጎበዜ መሬት መሬት አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘርትሁን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ጎመን አልወድም። ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም» አለ።

ዘርትሁን ሳቋ አፈናት። ሳትስቅ ግን ጎመኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። ጎበዜ ተቀመጠ። አንዲት ቅጠል አንሥቶ እንደ ኮሶ ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። ወስፌ የአባቱን አፍ ትኩር ብሎ ያያል። የጎበዜ ግንባር ተቋጠረ፣ አፍንጫው ተጨመደደ፤ ቁርጥ ልጁን መሰለ። ሊተፋ ሲል የልጁን ዓይን አየና ዋጠ።

«እሰይ…» አለ እንባው እየመጣ። «ይጣፍጣል… ማለት፣ ይለመዳል።»

ወስፌ ከት ብሎ ሳቀ። አፉ ሲከፈት ማንም ምንም አልወተፈበትም። ራሱ ጎመን አነሣና እንደ አባቱ ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ፊታቸውን እያጨማደዱ ጎመን ለመዱ።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። አያ ጅቦ «አሁንስ ጊዜው ደርሷል» ብሎ ከሁሉ የበለጠ የማር እንጀራ ይዞ መጣ።

«እስቲ ልጄን ልቀፈው!» ብሎ አፍንጫውን አስቀድሞ ወደ ወስፌ ተጠጋ።

ወስፌ ጀርባውን ሰጠው፤ ተንቀጠቀጠ፣ ተንሿሿ፣ ወደ ኋላም አንዴ ገፋ አደረገ። ጅብ «ዋይ!» ብሎ ዘለለ። አፍንጫው ላይ እሾህ ተተክሎ ያንገበግበዋል።

«ምን አብልታችሁት ነው?» አለ እያለቀሰ።

«ጎመን» አለች ዘርትሁን።

«ጎመን! ያን ሁሉ ማር ንብ ሲነድፈኝ የቆረጥኩት ለዚህ ነው? በሰው ልጅ ላይ የደከመ እንዲህ ይቀራል!» አለና እያነከሰ ሄደ። የተወጋው አፍንጫው ነበር፤ ማነከሱ ከልማድ ነው።

ያን ማታ ዘርትሁን የልጇን ጀርባ ዳበሰች። መዳፏ ደማ። ደስታው አላስተኛትም።

በማግስቱ ጎረቤት ሁሉ ደጃፏ ላይ ተሰበሰበ። ቀበሮ አስቀድሞ «አዋጁ ፍሬ አፈራ» ብሎ በየሰፈሩ ለፍፎ ነበር። የሌሎቹ ጥያቄ ግን አንድ ነው።

«ዘርትሁን፣ መድኃኒቱን ንገሪን።»

«መድኃኒት የለውም» አለች። «ቁጭ ብለን በላን። እሱ ሲፈልግ ቀመሰ፣ ሳይፈልግ ተወ። እኛ ግን በላን።»

እርስ በርስ ተያዩ።

«ጭፈራ የለውም?» አለች ጦጣ።

«የለውም።»

«ማርስ?» አለች እመት ጥርኝ።

«የለውም፣ እትዬ። እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ብሉ፣ ሌላ የለውም።»

አመስግነው ወጡ። መንገድ ላይ ሲደርሱ እመት ጥርኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደበቀችን እኮ! መድኃኒት ሲነግሩት ይረክሳል ብላ ነው።» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቤቷ ስትገባ እመት ጥርኝ ጋደም ብላ የማር ገንቦዋን አቀፈች። ግልገሏን ጠርታ ጎመን ሰጠችው።

«እንካ፣ ይህን ብላ። የጃርት ልጅ እንኳ በልቶ ሰው ሆኗል።»

ግልገሉ ጎመኑን አየ፤ ከዚያ የእናቱን አፍ አየ። «እሱ ከእናቱ ጋር ነው የበላው። አንቺ መቼ ነው የምትበዪው?» አላት።

«አፍህ ረዘመ!» አለችና ማር አጎረሰችው።

ልጅ ምክር ይሰማል፣ ምሳ ይወርሳል። ተረቴን እናንተ ውሰዱ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱልኝ፣ ጎመን ካላችሁ እሱ ይበቃኛል።